የጫማ ሰፊው አውራ ጣት

ጋሽ ልኬ ሁለት ኩራት ነበረው። አንደኛው፣ በሃያ ስምንት ዓመት ሥራው ከእጁ የወጣ ጫማ አንድም ሰው ነክሶ አያውቅም። ሁለተኛው፣ ከተወለደ ጀምሮ ታሞ አያውቅም። ጉንፋን እንኳ ደጃፉ ድረስ ይመጣና የማን ቤት እንደሆነ ጠይቆ፣ ይቅርታ ብሎ ይመለስ ነበር። ልኬ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሜትር ሳይዝ፣ ሰውዬው ገና መንገድ ሲሻገር አይቶ «አርባ ሁለት፤ ግራው ትንሽ ይሰፋል» ይላል፤ ተለክቶ ሲታይም እንዳለው ነው። አንድ ጊዜማ በስልክ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የአንድ ሰው የእግር ቁጥር ተናግሯል ይባላል። የሚለው እሱ ራሱ ነው።

ወደዚህ ሰው ነው እንግዲህ ሆስፒታሉ የላከው። የነርሶቹ አለቃ፣ ሁሉም ሲስተር ብቻ ብለው የሚጠሯት ሴት፣ ለስድሳ ነርሶች ጫማ የሚሰፋ ትፈልግ ነበር። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የሰፋላቸው ጫማ በሳምንቱ ነርሶቹን ከበሽተኞቻቸው እኩል ስላስነከሳቸው፣ አሁን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖባታል። «ሐሙስ ጠዋት መጥቼ በእኔ እግር ልክ የተሰፋ ናሙና አያለሁ» አለችው በስልክ። «ሠሪው ራሱ ያንኑ ዓይነት ጫማ አድርጎ ሲራመድ ካላየሁ ግን አልቀበልም።» ጋሽ ልኬ ሳቀ። ይህማ የገዛ ደንቡ ነው፤ አዲስ ዓይነት ጫማ ባወጣ ቁጥር በራሱ ልክ አንድ ጥንድ ሰፍቶ፣ ሦስት ቀን ሳይውልበት ለሰው አይሰጥም።

እሑድ ዕለት ከግድግዳ ተጋሪው ከልብስ ሰፊው ጋር ሥራውን ገና ሳያገኙት አከበሩት። ለአንድ ሰፈር የሚበቃ የተጠበሰ ጉበትና ኩላሊት በሉ፤ በላዩም መርከብ የሚያንሳፍፍ ቢራ ጠጡ። ውሃ የሚባል ነገር በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ አላለፈም። ሰኞ አዲሱን ጫማ አድርጎ ዋለ፤ ደመና ላይ የሚሄድ ነበር የመሰለው።

ማክሰኞ ንጋት ላይ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ቀድሞ ነቃና ሌላውን አካል በሙሉ ቀሰቀሰው። የጣቱ ሥር መገጣጠሚያው አብጧል፣ ቀልቷል፤ ቆዳው ተወልውሎ እንደበቃ ጫማ ያብረቀርቃል። አንሶላው ሲነካው ጣሪያው የወደቀበት መሰለው። አንዲት ዝንብ አረፈችበት፤ ስድስቱን እግሮቿን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም።»

«በምንም ነው እንዴ አንሶላውን ገፍፈህ የጣልከው?»

«ሞቆኝ ነው።»

ተነሥታ መብራት አብርታ እግሩን አየችው። «ይሄ አዲሱ ጫማህ ነክሶህ ነው።»

«የኔ ጫማ ሰው አይነክስም።»

«እንግዲያስ ታመሃል።»

«እኔ አልታመምም።»

«ታዲያ ይሄ ጣት የማነው? የጎረቤት ነው?»

ጫማው ነከሰኝ ቢል የሃያ ስምንት ዓመት ስሙ ይፈርሳል፣ የስድሳው ነርስ ሥራም አብሮ ይሄዳል። ታመምኩ ቢል የሃምሳ ሁለት ዓመት ገላው ይዋረዳል። ስለዚህ ማንንም ሳይከስ እያነከሰ ወደ ሱቁ ወረደ።

ሱቁን ከውስጥ ቀርቅሮ የቀኙን ጫማ እንደ አስከሬን በተነው። ሶሉን ፈለቀቀ፣ ገበሩን ቀደደ፣ እያንዳንዱን ስፌት በወስፌ ጫፍ እየነካካ ሚስማር ፈለገ። ሚስማር የለም። መልሶ ሰፋው፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ጠብቆ አደረገው፣ ነከሰው። እንደገና ፈታው። እስከ ማታ አራት ጊዜ ፈትቶ አራት ጊዜ ሰፋ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ክር ሰባት ድንኳን ይሰፋበት ነበር። የግራው ጫማ በዚያው ቆዳ፣ በዚያው እጅ የተሠራ ሆኖ ሳለ የግራ እግሩ ምንም አላለም። ደግሞ ጫማውን አውልቆም ባዶ እግሩን ያመዋል። ይህን ግን እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

«ልኬ፣ ምነው እንደ ዶሮ በአንድ እግርህ ቆምክ?»

«እያሰብኩ ነው።»

«በአንድ እግር?»

«አንዳንድ ሐሳብ ሁለት እግር አይፈልግም።»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ወለምታ ነው። አጥንቱ ቦታውን ስቷል። አንድ ጊዜ ሳብ ባደርገው ግጥም ይላል።»

«እንዳትነካኝ።»

«ወንድምህ አይደለሁም እንዴ?» አለና ሳበው።

ጋሽ ልኬ ያወጣው ድምፅ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። መስቀለኛው ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ እንዳየው ይነገራል። ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ። «ካልገጠመ እንግዲህ ብርድ ነው» አለና ወጣ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች ሚስቱ ያን ዕለት ማታ።

«ሐሙስ ይለፍ።»

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ስትመጣ ሚስቱም ምን ሊውጠው እንደሆነ ለማየት ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሲስተር አጭር፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ራጅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመድ ስታይ የኖረች ናት። በእሷ ልክ የተሰፋውን ጥንድ አገላብጣ አየች፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ጎበጥ ቀና አደረገችው።

«ያምራል» አለች። «እንግዲህ ይራመዱልኝ።»

ከሱቁ እስከ ልብስ ሰፊው በር ደርሶ መልስ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ጋሽ ልኬ ጥርሱን ነክሶ፣ ከጥርሱ በላይ ፈገግታ ለጥፎ ተነሣ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ላቡ ከግንባሩ ወደ አንገቱ ወረደ። ሰባተኛው ላይ ልብስ ሰፊው ከበሩ ሆኖ «አይዞህ፣ ደርሰሃል» አለው፤ ይህም ምንም አልጠቀመውም። ሲመለስ ፈገግታው ብቻውን ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር።

«ያነክሳሉ» አለች ሲስተር።

«ድንጋይ ወድቆብኝ ነው።»

«መቼ?»

«እ... ኳስ ስጫወት።»

«የቱ ነው ታዲያ፣ ድንጋዩ ነው ኳሱ?»

«መጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ኳሱ።»

ሲስተር ቦርሳዋን አነሣች። «ይስሙኝ ጋሼ። ልጆቼ በቀን ለአሥር ሰዓታት ቆመው ነው የሚውሉት። ሠሪው አሥራ አምስት እርምጃ ያልቻለውን ጫማ እኔ አላደርግላቸውም።»

ጋሽ ልኬ እግሩ ላይ ያለውን ጫማ አየው። ገላ መቼም አንድ ቀን መክዳቱ አይቀርም፤ ያልከዳው ሰው የለም። ጫማው ግን ምን አጠፋ? አራት ጊዜ ሆዱን ከፍቶ መርምሮታል፤ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ሰው ሲፈረድበት ዝም ብሎ እንደሚያይ ምስክር መሰለ ለራሱ።

«ሲስተር» አለ። «ጫማው ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ከግድግዳው ማዶ፣ ልብስ ሰፊው የተመለሰበት የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

ጋሽ ልኬ ተቀመጠና ጫማውን፣ ቀጥሎም ካልሲውን አወለቀ። ካልሲው ብቻ የአንድ ሰዓት ጉዞ ወሰደበት። ጣቱ ሲወጣ ሱቁ ጠበበ፤ ቲማቲም የሚያስንቅ፣ ክረምት ላይ ቢሆን ሰው እጁን የሚሞቅበት ጣት ነበር። ሲስተር አልነካችውም። መዳፏን አስጠግታ ግለቱን ብቻ አየች።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ማክሰኞ ንጋት ላይ።»

«ቀስ በቀስ ነው ድንገት?»

«ስተኛ ደህና ነበርኩ።»

«ድንጋዩስ?»

«ድንጋይ የለም፣ ሲስተር። ኳሱም የለም።»

«ቁስል አለው? ትኩሳትስ? ብርድ ብርድ ይልዎታል?»

«የለም።»

«ከዚያ በፊት ምን ነበር የበሉት?»

ጋሽ ልኬ ወስፌውን አነሣና ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ መጥቶ ከበሩ ላይ «ትንሽ ጉበት ቀምሰን ነበር» አለ።

«ትንሽ?» አለች ሚስቱ። «ሁለታችሁ አይደላችሁ እንዴ በሬውን ከውስጥ ጀምራችሁ የጨረሳችሁት?»

«ቢራስ?» አለች ሲስተር።

ልብስ ሰፊው ጣሪያውን አየ።

«ሪህ ይመስላል» አለች ሲስተር። «ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ይሠራል። ከአውራ ጣት መጀመር ይወዳል። ጉበቱም፣ ኩላሊቱም፣ ቢራውም፣ ውሃ አለመጠጣቱም ይቀሰቅሰዋል። በቤተሰብም ይመጣል። አባትዎን እግር ያማቸው ነበር?»

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ጠበበኝ እንዳለ ነው የሞተው» አለ ጋሽ ልኬ። ጫማ ሰፊ የሆነው ለአባቱ የማይነክስ ጫማ ሊሠራ ብሎ ነበር። ስድስት ጥንድ ሰፍቶለታል፤ አባቱ ስድስቱንም ጠበቡኝ ብሎት ነበር፤ ልኬም ይህን ለሰው አውርቶት አያውቅም።

«እኔ እኮ ሚስማር ስፈልግ ነበር» አለ።

«ሚስማሩ ከውስጥ ነው» አለች ሲስተር። «ግን በዓይን ብቻ አይፈረድም። መገጣጠሚያ በጀርም ሲመረዝም እንዲሁ ያብጣል፣ ይግላል፤ እሱ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት።» ጣቱን እንደገና ቀረብ ብላ አየችው። «ይሄ የጥፍር ምልክት ምንድነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ወለምታ መስሎኝ ሳብ አድርጌው ነው።»

«እርስዎ ጨርቅ ይሳቡ።»

ሲስተር በልኳ የተሰፋውን ጥንድ እዚያው አደረገችና አሮጌ ጫማዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እኔው ራሴ እውልበታለሁ» አለች። «ማታ እነግርዎታለሁ።»

በሆስፒታሉ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ በማይክሮስኮፕ አየ። ጀርም የለም፤ ጠጠሩ ግን አለ፤ ሪህ ነው። መድኃኒት ጻፈለት። እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያሳርፍ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲይዝበት፣ ውሃ እንዲጠጣ፣ ማንም እንዳያሸውና እንዳይስበው አዘዘው። እብጠቱ ከጠፋም በኋላ ተመልሶ ደሙን እንዲመረመር ነገረው፤ ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን የሚወሰደው ልኬት ሊያታልል ይችላል።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ልኬ የመጀመሪያውን ኪኒን ውጦ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ሲስተርን ሲጠብቅ አጠገቡ ያሉትን በሽተኞች ሰብስቧል። «ሐኪሙ በማይክሮስኮፑ ሲያይ ወንበሩን ይዞ ነው የቆመው» ይላቸዋል። «እንዲህ ያለ ጠጠር በሕይወቴ አላየሁም አለኝ። እያንዳንዱ አልማዝ ነው የሚያህለው። ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አበቃለት፤ እኔ ሁለት ቀን ሥራ ስሠራበት ከረምኩ።» አንዱ ክንዱ የተሰበረ ሰውዬ በራሱ ክንድ አፍሮ ጋቢው ውስጥ ሸሸገው።

ሲስተር ከኮሪደሩ ጫፍ መጣች። ጋሽ ልኬ ወሬውን አቁሞ አካሄዷን ብቻ ሰማ። አላነከሰችም።

«አልነከሰኝም» አለች። «እግሬን ረስቼው ነው የዋልኩት።»

የጋሽ ልኬ ደረት ሁለት ቁጥር ሰፋ።

«ግን እርጥብ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። ሶሉን ይቀይሩትና ስድሳውን ይሥሩልኝ።»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። የሚከተለውን ንግግር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጥፋቱ የወለሉ ነው፣ ወለሉን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቅ፣ ይህ ሶል በረዶ ላይ ተሞክሯል። ጋሽ ልኬ አፉን ከፈተ። ወንበሩ ላይ የተጋደመ ጣቱን አየ።

«እሺ» አለ።

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች። ቅድም የዋጠውን ኪኒን አሰበችና ተነሥታ ኮሪደሩን ወደ ኋላ ሄዳ የሐኪሙን በር አንኳኳች።

«ይቅርታ ዶክተር» አለች። «ቅድም የሰጡት መድኃኒት ለስንት ቀን ነው?»

«ለጊዜው ለአምስት ቀን።»

«ሊጨመርልኝ አይችልም?»