ሸራ የምትመልስ ሞላ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሜዳው የሚነሣ ደረቅ ነፋስ የጅግጅጋን አቧራ ያንሳፍፍ ነበር። ዐብዲፈታህ ዶልፊን ሚኒባሱን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ ወረደ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ቀድሞት ገብቷል።

«አዴር ሽመክት፣» አለ ሽማግሌውን መካኒክ በሶማልኛ አክብሮ፤ «ትናንት ከካራማራ ስወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው የቆምኩት። ኋላዬ አሥራ ሁለት ሰው ነበር።»

ሽመክት ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ አለ። በሁለት ወር ውስጥ የዚህን መኪና ሸራ ሦስት ጊዜ የቀየረው እሱ ራሱ ነው።

«አንተ ሸራ ስትቀይር ተሳፋሪው ሹፌር ሊቀይር ነው፤» አለ ዐብዲፈታህ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ችግሩ ካልተገኘ መኪናውን አቆመዋለሁ። ሰው አልገድልም።»

ሽመክት መኪናውን በክሪክ አንሥቶ የቀኙን የፊት ጎማ ፈታ። ዲስኩን በእጁ ሊያዞር ሞከረ፤ በግድ ተንቀሳቀሰ። ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ሸራዎቹ እንደ መዥገር ተጣብቀውበታል። ሲነዳ ይፋተጋሉ፤ ሲፋተጉ ይግላሉ፤ ሲግሉ የፍሬኑን ዘይት ያፈላሉ፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ይሰምጣል። ለምን እንደማይለቁ ግን አላወቀም።

ከፊት ለፊት መለዋወጫ የምትሸጠው ሪሐና አዲሱን ሸራ ራሷ ይዛ መጣች። ከካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ላስቲክ አወጣች፤ በውስጡ የታጠፉ ቀጫጭን የሽቦ ሞላዎች አሉ።

«ጋሼ፣ እነዚህንም ደጄ ላይ ልትጥላቸው ነው? ጠርጌ ጠርጌ ሰለቸኝ።»

«ትርፍ ናቸው። አቧራ ይዘው ይንጫጫሉ። ያስተማሩኝ ሰዎችም ይጥሏቸው ነበር።»

«ትርፍ ዕቃ በነፃ የሚጨምር ፋብሪካ ካለ አድራሻውን ስጠኝ።»

ዐብዲፈታህ ሳቀ። ሽመክት አልሳቀም። አንዷን ሽቦ አንሥቶ በጣቶቹ መሐል ጨመቃት፤ ስትለቀቅ እንደ ባላ እግሮቿን ከፈተች። ሸራዎቹ ጫፍ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያያቸው፣ ለምን እንደተበሱ ያልጠየቀባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ። የሞላዋ ጫፎች ልክ ገቡባቸው። አዲሶቹን ሸራዎች ከነሞላዋ ገጥሞ ዐብዲፈታህን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ርገጥ።»

ሸራዎቹ ዲስኩን ነከሱ።

«ልቀቅ።»

ሽቦዋ ተዘረጋች። ሁለቱ ሸራዎች፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ፣ የፀጉር ያህል ፈቀቅ አሉ፤ በመሐላቸው ቀጭን ብርሃን ገባ። ሽመክት ጉንጩን ዲስኩ አጠገብ አድርጎ አየ። በአንድ ጣቱ ገፋው። ዲስኩ ያለ ድምፅ ዞረ፤ ጣቱን ካነሣም በኋላ ዞረ።

«ደግመህ ርገጥ፤» አለ። ደግሞ፣ ሠልሶ አስረገጠው። በመዳፍ ላይ ክብደቷ የማይታወቅ ሽቦ፣ ሙሉ መኪና የሚያቆመውን ጉልበት በየጊዜው «በቃ» ትለዋለች። ሽመክት ከተንበረከከበት ለመነሣት ዘገየ።

በግራውም ጎማ አስገባ፤ የፈላውን ዘይት ቀየረ። ከዚያ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ በባዶ መኪና ካራማራን ወጥተው በየጠመዝማዛው ፍሬን እየያዙ ወረዱ። ፔዳሉ አልሰመጠም። ከዳገቱ ግርጌ ሽመክት ወርዶ፣ ቃጠሎውን እየጠበቀ መዳፉን ቸርኬው ላይ አሳረፈ። ለብ ያለ ነበር። እጁን አላነሣም።

«ምነው አዴር፣ አንተም ተጣበቅህ?»

«ዝም በል እስቲ።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዶልፊኑ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ሐረር ሄደ።