ክትሩ የሚታጠፍበት ቦታ

ፓልዌኝ መንደር ላይ ዝናብ ከጣለ ሃያ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጥርት ብሎ ይውላል፤ የመዳፍ ያህል ደመና እንኳ አይታይበትም። ውሃው ግን በየቀኑ አንድ ጣት ከፍ ይላል። ኛላምን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኸው ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቀና ብሎ መቼ እንደሚያባራ ይገምታል። ይህ ግን ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይታይም።

መንደሯ ዙሪያዋን በውሃ ተከባ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት በማያልፍ የጭቃ ክትር ውስጥ ተቀምጣለች። ክትሩን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ጭቃውን በሳፋ ተሸክመው፣ ከምረው፣ በእግራቸው እየረገጡ። ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ደረቅ አገር ከሄዱ አራት ወር ሆኗቸዋል። ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር የቀሩት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌው ኮአት ብቻ ናቸው። ኮአት በወጣትነታቸው በነጭ አባይ ላይ የጭነት ጀልባ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ስለ ውሃ የሚናገሩት ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ክትሩ ዳር የተከሉትን ባለ ምልክት እንጨት አይተው ይመለሱና ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ።

በዚያ ሳምንት ሴቶቹን ሰብስበው የሰሙትን ነገሯቸው። ከደቡብ፣ ከትልልቆቹ ሐይቆች የሚመጣው ውሃ ቀርፋፋ ነው፤ አምና የዘነበው ገና ዘንድሮ መድረሱ ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች በሶባት ወንዝ በኩል የሚወርደው ደግሞ ችኩል ነው። በደህናው ዘመን አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጎድል ነበር። ዘንድሮ በምሥራቅ በኩል ያለው ባሕር ከልኩ በላይ ሞቀና ዝናቡ ማቆም በነበረበት ወር እንደገና ጀመረ። አሁን ሁለቱ ውሃዎች እኩል ደርሰው ተጋጥመዋል፤ አንዱ ሌላውን አላሳልፍ ስላለው የተረፈው ወደ ጎን፣ ወደ ሜዳው እየፈሰሰ ነው።

«የሰሜን ነፋስ ካልተነሳብን እንወጣዋለን» አሉ ኮአት። «ከተነሳ ግን ማዕበሉ በቀጥታ የሚመታው መታጠፊያውን ነው።»

ኛላም ዞር ብላ ወደ መታጠፊያው አየች። ክትሩ ወደ ሰሜን በሚታጠፍበት ቦታ፣ ክንድ ተኩል ያህል ጠልቃ፣ እናቷ ተቀብራለች።

እናቷ ያረፈችው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነበር። ኛላምና እህቷ ኛጋይ መጀመሪያ ከጎጆው በስተግራ፣ ሴት በሚቀበርበት ወገን ቆፈሩ። ዶማው ሦስቴ ሳያርፍ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ታንኳዎቹን ወንዶቹ ወስደዋቸዋል። ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርም። ከእምቦጩ ሥር ለአሳ መስጠት ደግሞ በአፋቸውም ሊሉት የማይችሉት ነገር ነበር፤ እናታቸው በሕይወት ሳለች አንዲት ነገር ብቻ ነበር የለመነቻቸው፣ «ውሃ ውስጥ እንዳትጥሉኝ»። በመንደሩ ውስጥ ጠልቆ ሲቆፈር ውሃ የማይሞላው ክትሩ ብቻ ነው። ክትሩ ላይ ደግሞ ኮአት ችካል እንኳ እንዳይተከል ከልክለዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ሰው ሳይነሳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በተኛችበት ቁርበት ጠቅልለው እዚያው ቀበሯት። ለሰዎች በዚያ ያለፉ አሳ አጥማጆች በታንኳቸው ወደ ደረቅ አገር ወሰዷት ብለው ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ ኛላም መታጠፊያውን ሳታይ የዋለችበት ቀን የለም። ጎረቤቷ ኛቡአይ ነገሩን አይታ አሳ እየዘለዘለች፣ በወንድ ልጇ በቶት ስም እየጠራች ትተርባት ነበር። «የቶት እናት፣ ክትሩን አገባሽው እንዴ? ሃያ አምስት ከብት ሳይጥልልሽ እንዳትሄጂለት። ደግሞ ጭቃ ስለሆነ ጥሎሹን ዱቤ ይላል» ትላታለች፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። ኛላምም አብራ ትስቃለች።

ከክትሩ ግርጌ በውስጥ በኩል መጀመሪያ ያየችው መዳፍ የሚያህል እርጥበት ነበር። በማግስቱ ሰፌድ አከለ። ኮአት ለሁሉም ያስተማሯቸው ነገር ነበር፤ ሰርጎ የሚወጣው ውሃ ጠርቶ ከወጣ ክትሩ ላብ ነው ያላበው፣ ደፍርሶ ከወጣ ግን አፈሩን ከሆዱ እየወሰደ ነው። ኛላም ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀዳች። የጠራ ነበር። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትደርስ ልጇ ኛቾት እዚያ ቆማ እግሯን ትታጠባለች። ከክትሩ ሥር ጣት የምታህል ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች፣ ልጅቷም ተረከዟን ደቅናላታለች።

«እማዬ፣ እዪ፣ ምንጭ አገኘሁ።»

ውሃው ቡናማ ነበር።

ኛላም ልጇን በክንዷ ጎትታ ወደ እህቷ ሮጠች። ኛጋይ ሰምታ በሹክሹክታ መማጠን ጀመረች። ከተናገርን ያወጧታል፣ አውጥተው ዓይናችን እያየ ውሃ ውስጥ ይጥሏታል፤ ነገ ውሃው ይቆም ይሆናል፤ ትንሽ ጭቃ በላዩ እንደርብበት አለች። ኛላም ለጥቂት ጊዜ ልታምናት ፈለገች። በዚህ መሐል ጸጉሯን ከኋላ የሆነ ነገር አነሳው። ዞር ብላ ስታይ ከክትሩ ማዶ ያለው ደንገል ሁሉ ወደ እነሱ አጎንብሷል። የሰሜን ነፋስ ነበር።

ኮአትን ያገኘቻቸው ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ነው።

«አባቴ፣ መታጠፊያው ውስጥ እናቴ አለች።»

ሐዘን አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። «እናትሽ በታንኳ ሄዳ የለም?»

«ዋሽቼ ነው። እኛው ነን እዚያ የቀበርናት። አሁን ደፍርሶ እየወጣ ነው።»

ኮአት ራዲዮውን ዘጉ። አልተቆጡም፤ እሷን የበለጠ ያስፈራት አለመቆጣታቸው ነበር። ምን ያህል እንደተቆፈረ ጠየቋት፤ በክንዷ አሳየቻቸው። ርዝመቱን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

«ስትመልሱት ረግጣችሁታል?»

ኛላም የራሷን እግር አየች። ክትር ክትር የሚሆነው በእግር ሲረገጥ ነው፤ ይህን በፓልዌኝ ሕፃን ያውቀዋል። ያን ሁሉ ቀን ለራሷም ያልነገረችው ይህንኑ ነበር።

«እናቴን እንዴት ልርገጣት?» አለች በመጨረሻ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተነሱ። በሞላ ውሃ ክትር አይከፈትም፤ ስለዚህ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ያለው መላ አንድ ነው አሉ። ከመታጠፊያው በስተውስጥ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ፣ ሌላ ክትር ማቆም፤ አሮጌውንም ለውሃው መተው።

«እሷስ?»

«እሷ በውጭ በኩል ትቀራለች፣ ልጄ።»

ኮአት ሴቶቹን ሰብስበው ሁሉንም ነገሯቸው። ኛቡአይ ሳፋዋን እያነሳች ኛላም ፊት ቆመች። «ልጆቼ እዚያ ሥር ነው የሚተኙት» አለቻት። «ስስቅብሽ ታውቂ ነበር።» ከዚያ ጭቃ ፍለጋ ሄደች።

ችግሩ ለክትር የሚሆን ጭቃ አለመኖሩ ነበር። በመንደሩ ውስጥ ያለው አፈር ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ገንፎ ሆኗል። ደረቅ የቀረው የጎጆ ግድግዳና ወለል ብቻ ነው፤ ለመታጠፊያው ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የኛላም ጎጆ ነው። ማንም እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። ማሽላውን፣ ምንጣፉንና ድስቶቹን ለኛጋይ አቀብላ የመጀመሪያውን ዶማ ራሷ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ባሏ በሁለት በጋ የለሰነው ግድግዳ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን የቆመው ምሰሶውና ጣሪያው ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ወለሉን መቆፈር ጀመሩ።

ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ማዕበሉ አሮጌውን ክትር ሲመታ ድምፁ እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ እንደሚያጥብ ሰው ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ያለ ማቋረጥ። ሁሉም ጆሯቸውን እዚያ ጥለው ይሠራሉ። ከፊሎቹ ይሸከማሉ፣ ከፊሎቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይረግጣሉ። ሌላ ጊዜ ሲረግጡ ይዘፍኑ ነበር። ዛሬ የሚሰማው ትንፋሻቸውና የእግራቸው ምት ብቻ ነው። ኛላም ቶትንና ኛቾትን ከሩቅ፣ ከከብት ቤቱ ጉብታ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ በየሳፋው ቀና እያለች መኖራቸውን ታያለች።

ፀሐይ ወደ ደንገሉ ስታዘቀዝቅ አዲሱ ክትር ከወገባቸው ደርሶ ነበር። ኛላም ከሌሎቹ ጋር ላዩ ላይ ወጥታ እየረገጠች ሳለ ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ድንገት ቆመ። ኮአት ከሥር ሆነው ያዩ ነበር።

«የቶት እናት» አሉ በቀስታ። «ጀርባሽን ስጪውና ርገጪ።»

ጀርባዋን ሰጠች። አሮጌው ክትር ሲፈርስ የጠበቀችው ዓይነት ድምፅ አልነበረውም፤ እንደ ሞቀ ቅቤ ቀልጦ መስጠሙን ከኛጋይ ፊት ላይ ነው ያወቀችው። እህቷ ዓይኗን ሳትነቅል እያየች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ውሃው በግማሽ ጨረቃው ውስጥ ገብቶ አዲሱን ክትር መታው፤ መምታቱ በውስጥ እግሯ ተሰማት። አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ኛላም ረገጠች። ኛቡአይ ትከሻዋን ጨምድዳ ያዘቻትና አብራት ረገጠች። ሁሉም ረገጡ፣ ውሃው ከጫፉ አንድ ስንዝር ሲቀረው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ።

ሌሎቹ ወርደው ሲቀመጡ እሷ በአዲሱ ክትር ግርጌ፣ በውስጥ በኩል፣ ተንበርክካ በመዳፏ መዳሰስ ጀመረች። እርጥብ ነበር። ትንሽ ራቅ ብላ ዳሰሰች፤ እዚያም እርጥብ ነው።

«አባቴ፣ ይህ ላብ ነው ወይስ እየመጣ ነው?»

ኮአት እንጨታቸውን ከአዲሱ ክትር ዳር እየተከሉ ነበር። ጎንበስ ብለው እሷ የዳሰሰችበትን ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አሻሽተው አዩት።

«ጭቃው ራሱ ገና እርጥብ ነው» አሉ። «ጠዋት ሲደርቅ ነው የሚለየው።»

ኛላም ልጆቿን ጠርታ በሁለት ጎኗ አስቀመጠቻቸው። መዳፏን ከክትሩ ላይ አላነሳችም።