የሟቹ ድምፅ

ተማሪዎቿ «ጸጥታ» ይሏታል። ያለ ነገር አይደለም፤ ጀልባ ላይ ከወጣች ጀምሮ ከአፏ የማይጠፋ ቃል እሱ ነው። የባሕር ሕይወት መምህር ናት፤ ባሕርን የምታስተምረው ግን ከዓይን ይልቅ በጆሮ ነው። ውሃ የማያስገባ ማይክራፎን በረጅም ገመድ ቁልቁል ትለቃለች፣ የእስፒከሩን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያ «ጸጥታ!» ነው።

በየዓመቱ ሁለት ቦታ ትወስዳቸዋለች። አንደኛው ዓሣና ሽሪምፕ የሚተራመስበት ጤነኛ የኮራል ሪፍ፣ ሕይወት ያለው የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ተማሪዎቹ «ሟቹ» ይሉታል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው በድማሚት ዓሣ እያጠመደ ፍርስርሱን አወጣው። እዚያ ማይኩ ሲወርድ ጭር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪዎች እየጠለቁ ፍርስራሹ ላይ የኮራል ቁራጭ ሲያስሩ ኖረዋል፤ ሟቹ ግን አምና እንኳ ማይኩ ሲወርድ ያው ሟች ነበር። «አንድ ሰው ነው ይህን ያደረገው፣ አንድ ሰው!» ትላቸዋለች፣ ጣቷን ወደ ውሃው ቀስራ። ሰውየው ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ዘንድሮ ጉንፋን ጥሏት ስለነበር ተማሪዎቹ ከጀልባ ነጂው ጋር ብቻቸውን ሄዱ። በሳምንቱ የቀዱትን ድምፅ ክፍል ውስጥ ሲያሰሙ፣ «ጠበቃው» የሚሉት ተከራካሪ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ተነሣ።

«ይሄ ጤነኛው ነው» አለ። ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ይመስል ክፍሉ በቸስታ ተሞላ። «ይሄኛው ደግሞ ሟቹ።» ጠቅ አደረገው። ያው ቸስታ።

የመምህርቷ ደም ፈላ። «ሁለቴ አንድ ቦታ ነው የቀዳችሁት! ይሄ ቀልድ ነው ለእናንተ?»

«ኧረ መምህር! ስልኩ ያሳየን ቦታ ላይ ነው የቆምነው።»

«ስልክ ሃያ እርምጃ ይስታል። ቢጫውን ተንሳፋፊ ምልክት ነበር የምታዩት!»

«ማዕበል ወሰደው ብለው የነገሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እውነቱን ነው፣ ምን ታድርገው! ምልክቱ ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ውሃውም ከዝናቡ ወዲህ ደፍርሶ ወለሉ አይታይም። ጠበቃው ፊቷ ሲለዝብ አይቶ ባሰበት። «ቦታውን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ያምጡልን እንጂ በባዶ ሜዳ አይቆጡን!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። የሚያውቅ ሰው አለ፤ አብሯት ነው የሚኖረው።

አባቷን ጓሮ ውስጥ የወንበር እግር ሲጠግን አገኘችው። ጆሮው አይሰማም፤ የመጨረሻው ድማሚት የመለኮሻ ክሩ አጥሮ እጁ አጠገብ ሲፈነዳ ሁለቱንም ጆሮውን ወስዶበታል። የሚያዋሩትን ሰው ከንፈር አይቶ ነው የሚግባባው። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ነገ ባሕር ትወስደናለህ። ያን ቦታ ታሳየናለህ።»

«የትኛውን?» አለ፣ የትኛውን እንደሆነ እያወቀ።

«አንተ ታውቀዋለህ። ልጆቹ ድምፅ ሰማን ይላሉ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «አልሄድም። ከዚያ ውሃ ፊቴን አዙሬ ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ አሁን በሸመገልኩበት ሬሳ ላሳይሽ ነው?»

«እኔስ?» አለች፣ ሆድ ባሳትና። «በዚያ ዓሣ ነው ያደግኩት፣ የተማርኩትም በዚያ ነው። በየዓመቱ ‹አንድ ሰው› እያልኩ አስተምራለሁ። አባቴ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም። እኔም እንዳንተው ፊቴን አዙሬ ነው የኖርኩት።»

ተናግራ ከጨረሰችም በኋላ ከንፈሯን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወንበሩን እንደተሰበረ ትቶ ወደ ቤት ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ሁሉንም ቀድሞ ጀልባው ጋ ቆሟል፤ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። እሷ ስታየው አንጀቷን በላት። ተማሪዎቹ «እንደምን አደሩ አባባ» ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ከፊት ተቀመጠ።

ስልክ አላየ፣ ካርታ አላየ። ዓይኑን ዳርቻው ላይ ተክሎ በእጁ ይመራ ጀመር። «ወደ ግራ። ትንሽ። ኧረ ቀስ በል አንተ!» ነጩ የውሃ ታንከር በሁለቱ ኮረብቶች መሃል በታየ ጊዜ፣ የመብራት ማማው ጫፍም ከቋጥኙ ኋላ በተደበቀ ጊዜ እጁን አነሣ። «እዚህ ነው። ሞተሩን አጥፋ።»

ጠበቃው ስልኩን ሰረቅ አድርጎ አየ። ባለፈው የቆሙበት ቦታ ራሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም።

መምህርቷ ማይኩን ለቀቀችው። «ጸጥታ» ማለቱን ረስታ የእስፒከሩን ድምፅ ከፍ አደረገች።

መጀመሪያ ቸስታው መጣ፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ማቆሚያ የሌለው። ሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ዓሦች ያጉረመርማሉ፣ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንድ ትልቅ ነገር ወፍራም በር እንደሚያንኳኳ ሰው ድው ድው ያደርጋል። ከእግራቸው ሥር አገር ሙሉ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጡት ቁራጭ በቁራጭ ያሰሩ እጆች ናቸው፤ በአሥሩ ዓመት የተመረቁት ልጆች ምንም ሳይሰሙ ነው የሄዱት! «ወይ ጉድ!» አለች አንዷ ተማሪ በሹክሹክታ፤ ሌሎቹ ለመተንፈስም የፈሩ ይመስሉ ነበር።

አባትየው ፊታቸውን አየ። «ምነው? ምንም የለም፣ አይደል?» አለ።

መምህርቷ እጁን ይዛ መዳፉን እስፒከሩ ላይ አሳረፈችው። ፊቱ ተኮሳተረ። «ሞተሩን አጥፋ አላልኩም?»

«ጠፍቷል፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እንዲያነብ። «ሞተር አይደለም።»

«አባዬ» ሲባል ተማሪዎቹ ተያዩ። ወደ እነሱ ዞረች፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል። «ያ አንድ ሰው አባቴ ነው።»

ሽማግሌው አላያትም። ድው የሚለው ነገር ከመዳፉ ወደ ክንዱ ይወጣል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይወጣል። ጀልባው ወለል ላይ ተንበርክኮ እስፒከሩን በሁለት እጁ አቀፈው፣ ግንባሩንም አስደገፈው።

ይሄኔ ተማሪዎቹ አልቻሉም። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ጠበቃው «ተናግሬያለሁ እኮ! ተናግሬ ነበር እኮ!» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። ሽማግሌው ቀና ሲል የሁሉም አፍ ሲንቀሳቀስ አየ።

«ዝም በሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። «እየሰማሁ ነው!»