በኦሪን እጅ ውስጥ የነበረችው ቅርፊት

አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለዚያ የመኪና እሽቅድምድም የአፈር መሮጫ ሲያወራ ናፍቆት ናፍቆት ይለዋል። የእኔን ደም ግን ያፈላዋል። እኔ ዴልማር የኦሪን የውድድር መኪና መካኒክ ነበርኩ፤ ኦሪን ደግሞ የእህቴ የላቮን ባል።

ከኮሪያ ጦርነት በተመለስኩ በዓመቱ ነው፣ በየዓመቱ ከብት የሚታይበትና መኪና የሚሽቀዳደምበት የገበሬዎች ትርዒት ሳምንት። ላቮን የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ አንድ ሾፌር ውድድር ላይ መኪናው ውስጥ ሲቃጠል አይታ እንቅልፍ የሚባል አጥታለች። በውድድሩ ቀን ጠዋት እጄን ይዛ፣ "ዴልማርዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ እንዳይነዳ አድርግልኝ። ልጁን ሳያይ እንዳይሞትብኝ" አለችኝ።

ኦሪንን ከላሞቹ በረት ጀርባ አገኘሁት።

"ዛሬ አትነዳም።"

"አንተ ማን ነህ? እናቴ ነህ?"

"ላቮን ናት ያለችው።"

"ታዲያ ቀሚሷን ለብሰህ አትመጣም ነበር!" ብሎ ሳቀ።

አላስቻለኝም፣ አገጩን መታሁት። እሱ ዝም ይላል? በአንድ ቡጢ ሁለት ጥርሴን አረገፈው። ጭቃው ላይ ተንከባለልን፤ እሱ ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ እኔ በቀረኝ ጥርስ ጆሮውን ዘለዘልኩት። ሰዎች ውሃ ደፍተውብን ነው ያላቀቁን።

ያኔ ያ የተረገመ ሐሳብ መጣልኝ። እኛ የመኪና ተወዳዳሪዎች ዘንድ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ መኪና አጠገብ አይደርስም፤ ገደ ቢስ ነው። ኦሪን ደግሞ ስሙ ሲጠራ እንኳ ይተፋል። ቅርፊት ካየ መሪ አይጨብጥም ብዬ አንዷን መቀመጫው ላይ ጣል አደረግኳት።

ደሙ እንደፈላ ዘሎ ገባና ላይዋ ተቀመጠ። አላያትም! ቀበቶውን አሰረ፣ መኪናው በግፊት ተነሳ። መኪኖቹ ለመሰለፍ መሮጫውን በዝግታ ሲዞሩ አጥሩ ጋ ሮጬ፣ "ኦሪን! መቀመጫህን እይ! ኦቾሎኒ!" ብዬ ጮህኩ።

አቁሞ ይወርዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀበቶውን ፈታና ጎንበስ ብሎ ይዳብስ ጀመር። የማስጀመሪያው አረንጓዴ ባንዲራ ወረደ። ሃያ መኪና በአንዴ ተፈተለከ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የኦሪን ጎማ ከሌላ መኪና ጎማ ጋር ተያያዘ። መኪናው ሦስቴ ተገለበጠ። ቀበቶ ያላሰረን ሰው ምን ይይዘዋል? አጥሩ ላይ ተወረወረ፣ ያ ሁሉ ብረት ደግሞ ተከትሎት ደረቱ ላይ አረፈ።

አራት ሆነን መኪናውን አነሳንለት። ከወገቡ በላይ ሰው አይመስልም ነበር። ቀኝ እጁ ብቻ ደህና ነው፣ ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኋቸው። ቅርፊቷ።

ላቮን ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ስትሮጥ አየኋት። ቅርፊቷን የምደብቅበት ቢጠፋኝ አፌ ውስጥ ከተትኳት።

"ለምን ፈታው?" ትላለች። "ዴልማር፣ ቀበቶውን ለምን ፈታው?"

በሚደማ ድዴ አኝኬ ዋጥኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት።

አመነችኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "አንተስ የቻልከውን አድርገሃል፣ ወንድሜ" አለችኝ።