የጋርኔት አውራ ጣት

በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ ስለ ቪዲዮ ጌም እውነቱን የሚናገር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋርኔት ኮስኬላ ነው። ይህን ያለው ራሱ ጋርኔት ነው። ቀን ቀን ጎሚስታ ነው፤ በረዶ መጣል ሲጀምር ከተማው በሙሉ የበረዶ ጎማ ቀይርልን ብሎ ደጁ ላይ ይሰለፋል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቤቱ ሥር ያለችው ክፍል ይወርድና ማይኩን አፉ ሥር ደቅኖ፣ በኢንተርኔት ሰሞኑን የተጫወታቸውን ጌሞች አንድ በአንድ ያብጠለጥላል። ተከታዮቹ ብዙ አይደሉም፤ ከእነሱም ግማሾቹ የሚከታተሉት ሊሰድቡት ነው። እሱ ግን ስድቡን ለእውነት የሚከፈል ግብር አድርጎ ይቀበለዋል።

ፍርዱ ሁልጊዜ ከአስር ነው። አስር ሰጥቶ አያውቅም። አንዴ ስምንት ሰጥቶ ነበር፤ እሱንም ሲጸጽተው ሰንብቶ ወደ ሰባት አወረደው።

በቅርቡ የዘንዶውን ጌም ጨረሰ። በየዓመቱ አዲስ ዘንዶ ይወጣል፣ በየዓመቱም አንዲት ፍየል ትጠፋለች፤ ጋርኔትም በየዓመቱ ዘንዶውን ይገድላል፣ ፍየሏን ያማል።

«ንጉሡ መንግሥቴ ሊቃጠል ነው፣ ዘንዶው ደጃፌ ደርሷል ብሎ ያለቅሳል» አለ በማይኩ። «እሺ ጌታዬ ብዬ ሰይፌን ስመዝ፣ ቆይማ፣ መጀመሪያ የአክስቴን ፍየል ፈልግልኝ ይለኛል። ፍየሏን ጎትቼ ሳመጣ አክስትየዋ ደግሞ እንጉዳይ ልቀምልኝ ትላለች። ዘንዶው ግን ጨዋ ነው። እንጉዳዩን ለቅሜ እስክጨርስ ሰማይ ላይ እየዞረ ይጠብቀኛል። ከአስር አራት። አራቱንም የሰጠሁት ለዘንዶው ትዕግሥት ነው።»

ቀጥሎ የእርሻው ጌም መጣ። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ጎማ ስፈታ ውዬ እቤቴ ገብቼ ጎመን እኮተኩታለሁ። ይህን መዝናኛ ያለው ማነው? በገዛ ሰፈሬ የጎረቤቴን ስም አላውቅም፤ እዚህ ግን ለልደቱ ጎመን ካላመጣሁለት ያኮርፈኛል። ከአስር አምስት። ጎመኑ ደህና ነው።»

የሆኪውን ጌም ባጭሩ ነው ያሰናበተው። «ከአምናው የሚለየው በተጫዋቾቹ ጢም ነው። ጢማቸው አድጓል። ዋጋውም አብሮ አድጓል።»

እንግዲህ ስለዚህ ሐቀኛ ሰው አንድ ሐቅ እኛም እንናገር። ጋርኔት አያዳምጥም። ጌሙ ውስጥ ንጉሥም ይሁን አክስት አፉን ሲከፍት፣ የጋርኔት አውራ ጣት ጆይስቲኩ ላይ ካለችው የማሳለፊያ ቁልፍ ላይ ዘሎ ይወጣል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ወሬው አለቀ፤ ትእዛዙን ብቻ ከስክሪኑ ጥግ አንብቦ ወደ ውጊያው። የጌሙንም ድምፅ ይዘጋዋል፤ በአንድ ጆሮው የሆኪ ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማ ነውና። ከዚያ በኋላ «ታሪኩ ባዶ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ብዙ የተጫወተ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ጣት ከለመደ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲያወራው እንኳ አውራ ጣቱ ጭኑ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ያየነው እኛ ነን።

አባቱ ኤይኖ ኮስኬላ በሕይወት ሳሉም ሲደውሉለት አያነሳም ነበር። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ለኤይላ ይንገሯት» ይላል። ኤይላ እህቱ ናት። ሽማግሌው ካረፉ እነሆ ሁለተኛው በረዶ መጣ።

የጋርኔት ብቸኛ የጌም ጓደኛ ዱዌን ይባላል፤ አብሮ አደጉ ነው። ዱዌን ለከተማው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ይውልና እቤቱ ሲገባ ከባድ መኪና የሚነዳበት ጌም ይከፍታል። ቀይ መብራት ሲያይ ይቆማል። ጋርኔት ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

«አንተ፣ ማን እንዳይቀጣህ ነው የምትቆመው?»

«መብራቱ ቀይ ነዋ።»

«ሥዕል እኮ ነው ዱዌን! ሥዕል ነው።»

«ቢሆንስ? ለእግረኞቹም ሥዕል መንገድ ይገባቸዋል።»

ዱዌን በጌም ውስጥ የተተከለ ሰሌዳ ሁሉ ያነባል፤ የሚያወራውን ሁሉ ያዳምጣል። ዘንዶው ጋ እስካሁን አልደረሰም። ከአክስትየዋ ጋር እንጉዳይ እየለቀመ ነው፤ የልጇንም ሠርግ ቀን ያውቃል።

ነገሩ የመጣው ኤይላ ቤቱ ድረስ ከመጣች በኋላ ነው። ኤይላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። አባቷ ከሞቱ ጀምሮ ግን በየምሽቱ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሳ፣ ከኢንተርኔት እየተማረች፣ ብቻዋን አንድ ጌም ሠርታለች። ጋርኔት ይህን ሲሰማ ሳቁን ለመደበቅ ሳል ሳለ።

«ስለ ምንድነው?»

«በረዶ ላይ ዓሣ ስለማጥመድ። ሰኞ ጠዋት ለሽያጭ ይወጣል። አንተ ለማንም አታዳላም አይደል?»

«ለእናቴም።»

«ጥሩ። አንተና ዱዌን ተጫወቱትና እሁድ ምሳ ላይ ንገረኝ። የማይረባ ከሆነ አጠፋዋለሁ። የማያውቀኝ ሰው ከሚስቅበት ካንተ ልስማው።» እንዲህ ስትል የኮቷን ቁልፍ እያጠላለፈች ነበር፤ ኤይላ እንዲህ የምታደርገው ስትፈራ ነው።

ጋርኔት ኩራት ተሰማው። የሁለት ዓመት ድካም በእሱ ፍርድ ሊቆም ወይም ሊወድቅ ነው። ለእህቱ ሲል እንዳያዳላም ለራሱ ቃል ገባ። እንደ ሌላው ጌም ሁሉ ልጫወተው አለ፤ ይህን ቃሉንም ጠበቀ።

ቅዳሜ ከፈተው። ሐይቁ በረዶ ሆኗል፣ በረዶው ላይ አንዲት ከጣውላ የተሠራች ዳስ አለች፣ ውስጧ ወለሉ ላይ በረዶው ተበስቶ ዓሣ የሚጠመድበት ቀዳዳ ተከፍቷል። የአባቱ ዳስ እንደሆነች ወዲያው ገባው። ጎኑ የጎደጎደው አረንጓዴ ቴርሞስ ሳይቀር አለ። ከቀዳዳው ባሻገር ኮፍያውን እስከ አፍንጫው የደፋ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሽማግሌው ቀና ሲል ከሥሩ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጠቅ። ጽሑፉ ጠፋ፤ ሽማግሌው አቀረቀረ። ቆይቶ ደግሞ ቀና አለ። ጠቅ። በሬዲዮ በኩል ጎል ገባ። ጠቅ፣ ጠቅ። ጋርኔት መንጠቆውን ጣለ፣ ሳበ፣ ጣለ፣ ሳበ። አንድ ዓሣ አልነካውም። ሆኪው ሳያልቅ ጌሙ አለቀ።

እሁድ ምሳ ላይ ኤይላ የአሳማ ሥጋ ጠብሳ፣ ሄል ያለበት ዳቦ ጋግራ ጠበቀችው። ጋርኔት አንድ ሳህን እስኪጨርስ ታገሳት፤ ይህም ለእሱ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

«እሺ፣ በለኝ» አለችው።

«እንደ ወንድም ነው ወይስ እንደ ሐቀኛ?»

«ሁለቱ አይገጣጠሙም ማለት ነው?»

«ዛሬ አይገጣጠሙም።» ጉሮሮውን ጠረገ። ማይክ ባይኖርም ድምፁ የማይክ ድምፅ ሆነ። «ቴርሞሱ ግሩም ነው። ስለ ቴርሞሱ ማንም አያማሽም። ግን የዓሣ ማጥመጃ ጌም ነው ብለሽ ዓሣ የለበትም። ሰውዬውም የቤት ዕቃ ነው። ይቀመጣል፣ ያቀረቅራል፣ አንድ ነገር አይተነፍስም። አባባን ለማስመሰል ከሆነ ተሳክቶልሻል፤ እሳቸውም ምንም አይናገሩም ነበር። ከአስር ሦስት። ሁለቱ የቴርሞሱ ነው።»

ኤይላ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ምንም አይናገሩም ነበር?»

«መቼ ተናግረው ያውቃሉ?»

ጋርኔት ሊከራከራት ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጌም ሠሪዎች ክርክር ያውቃል። እሷ ግን አልተከራከረችም። «እሺ። ጠዋት ከሥራ በፊት አጠፋዋለሁ» አለችና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። ጋርኔት ለቤቱ የሚሆን ዳቦ ጠቅልላ እስክትሰጠው ጠበቀ። ሁልጊዜ ትሰጠው ነበር። ዛሬ ረሳችው።

ወደ ቤቱ ሲነዳ ልቡ ከበደው። ሐቀኝነት ዋጋ ያስከፍላል እያለ ራሱን አጽናና፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ኤይላ መሆኗ አልታየውም። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ዱዌን ደወለ። አነሳው፤ ዱዌንን ለመስደብ ሁልጊዜ ያነሳል።

«አንተ ጉድ፣ ተጫወትከው?» አለ ዱዌን። ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

«ተጫውቼ፣ ፈርጄ፣ ቀብሬ መጣሁ። ዓሣ የሌለው የዓሣ ጌም።»

«ምን ማለትህ ነው? እኔ አራት ይዣለሁ። አንዱ ክንዴን ያክላል።»

«ከየት አባክ?»

«ከቀዳዳው ነዋ! ሽማግሌው እያወሩ ዝም ብለህ ስትጠብቅ ዓሣው ይመጣል። ወሬያቸውን ካቋረጥክ ይሸሻል። መጀመሪያው ላይ እኮ ራሳቸው ይነግሩሃል።» ዱዌን አፍንጫውን ሳበ። «እኔ ግን የደወልኩት ለሱ አይደለም። ድምፃቸውን ከየት አመጣችው?»

«የማንን ድምፅ?»

«የአባትህን ነዋ ጋርኔት። አባትህ ናቸው የሚያወሩት። አልሰማህም እንዴ?»

ጋርኔት ስልኩን ዘጋ። ጫማውን እንዳደረገ ወደ ታች ወረደ።

ሬዲዮውን አጠፋ። የጌሙን ድምፅ ከፈተ፤ የት እንደሚከፈት ለማግኘት ትንሽ ፈለገ። ከዚያም ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀመጠና እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። አውራ ጣቱን አላመነውም።

ነፋሱ የዳሷን ጣውላ ሲያንቋቋ ተሰማ። ሽማግሌው ቀና አለ።

«ኤይላ፣ አባባ ነኝ» አሉ ኤይኖ ኮስኬላ። ኤይላ ስልክ ላይ በመልእክት የቀረ ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ትንሽ ራቅ ያለ፤ የድምፅ መልእክት መቅጃ ማሽንን እንደ ደንቆሮ ሰው የሚጮኹበት ነገር ነበራቸው። «ዓሣ ዝም ብለው ካልጠበቁት አይመጣም። ይህን ለጋርኔት ብነግረው ጥሩ ነበር፤ ግን ስልክ አያነሳም። ጎማ ላይ ይሆናል።»

ገመዱ ተንቀሳቀሰ። ጋርኔት አልነካውም።

«ኤይላ፣ አባባ ነኝ። ሐይቁ ጥሩ አድርጎ ረግቷል። ጋርኔት ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሁለት ወንበር ይዤ ነው የወጣሁት።»

ዳሷ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር እንዳለ ጋርኔት ያየው አሁን ነው። ተጫዋቹ የሚቀመጥበት ነበር።

«አባባ ነኝ። ያ ልጅ በኮምፒውተር የሚያወራውን አየሁት፤ ጎረቤቴ ናት የምትከፍትልኝ። ዘንዶ ገደለ መሰለኝ። አንዱም ነገር አልገባኝም፤ ስለ ፍየሏ ሲናገር ግን ሳቅሁ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ነው የማየው። አንዳንዴ እደግመዋለሁ። ንገሪው... አይ፣ ተዪው፣ ይኮራል።»

ጋርኔት አለቀሰ። ይህን አለሳልሶ መናገር አይቻልም፤ ስለ ጢም ሲቀልድ የሰነበተው ሰው ፊቱን በዘይት በጠቆረ እጅጌው ሸፍኖ አለቀሰ። ሁለት ዓመት የሠራችው ለማን እንደነበር ገባው። ኤይላ ለማያውቋት ሰዎች ልታወጣው ያሰበችው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የያዘችለት ወንበር የእሱ ነበር።

መሽቷል፤ ደወለላት። አላነሳችም። እሁድ ምሽት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያዋ ውስጥ ናት፤ በዚህ ከተማ ስልክ ይዞ ሳውና የሚገባ፣ እንደ ኮስኬላዎች ያለ የፊንላንድ ዘር ገና አልተወለደም። ከዚያ ወጥታ ትተኛለች፣ ጠዋት ተነስታ ታጠፋዋለች። የማሽኑ ድምፅ መልእክት እንዲተው ጋበዘው።

ጋርኔት በሕይወቱ ለማሽን ማውራት ቸግሮት አያውቅም። አሁን ቸገረው። መጀመሪያ ላይ «ጌሙን ዳግም ስመዝነው...» ብሎ ጀመረና የገዛ ድምፁ አስጠላው፤ ሰረዘው። እንደገና ጀመረ።

«ኤይላ፣ ጋርኔት ነኝ። አታጥፊው፤ እባክሽ አታጥፊው። ምሳ ላይ ያልኩሽ ውሸት ነው። አልተጫወትኩትም ነበር፤ ቁልፍ ስጫን ነው ያመሸሁት። ይናገሩ ነበር፣ ልክ ነሽ። አንቺ ነሽ ያዳመጥሻቸው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከአስር ስንት እንደምሰጠው አላውቅም። ገና አልጨረስኩትም። እያወሩ ነው።»

«መልእክቱን ለመላክ...» ብሎ ማሽኑ ጀመረ። አውራ ጣቱ ዘሎ ቁልፉ ላይ ሊወጣ ሲል ጋርኔት በሌላው እጁ ያዘው፤ ማሽኑም የሚለውን ሁሉ ብሎ እስኪጨርስ ጠበቀው።