ስድስቱ የኮርኒስ መብራቶች

አቶ ገብረጻድቅ በ1979 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ ወዲህ የአዋሳ ቤታቸውን ማደስ ሥራቸው ሆነ። አሮጌውን የአቡጀዲ ኮርኒስ አስነቅለው በችፑድ አስለወጡት። ችፑዱ ተመቶ ሳያልቅ ደግሞ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ያዩት ነገር ልባቸውን ወሰደው፤ ኮርኒስ ውስጥ ተቀብሮ ቁልቁል የሚያበራ ክብ መብራት። መሃል ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ስድስት ብቻ ተገኘ። ስድስቱንም ገዙና፣ ሁሉም ሳሎን ይገባሉ አሉ። ልጃቸው ሙሉጌጥ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ አምስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ሠርገኛው ቀና ብሎ ሳያይ አይወጣም።

የሳሎን ነገር መቼም የታወቀ ነው። ሶፋው ዳንቴል ለብሶ እንግዳ ይጠብቃል፤ ባለቤቶቹ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተፋፍገው ይኖራሉ። አቶ ገብረጻድቅም ሳሎናቸው ውስጥ የተቀመጡበትን ቀን በጣት ይቆጥሩታል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከስድስቱ አንዱን ብቻ ለኋላዋ ክፍል ጠየቁ። የሙሽራዋን የሐበሻ ቀሚስ የሚጠልፉት እዚያ ነው። ጥልፉ የደረቱ መስቀል ግማሽ ላይ ቆሞ ወር አልፎታል፤ ሲጠየቁ የእድሳቱ አቧራ እስኪያልቅ ነው ይላሉ። አቶ ገብረጻድቅ ግን አምስት መብራት ሁለት እኩል ሰልፍ አይሠራም ብለው እምቢ አሉ።

ደረሰ የተባለው ኤሌክትሪክ ሠሪ የሲዳማ ሰው ነው፤ ንግግሩ ቁጥብ፣ አሠራሩ የራሱ። ችፑድ አንዴ ከተበሳ አይደፈንም ይላል። ስለዚህ ሳይበሳ በፊት፣ በቀትር መስኮቱን ሁሉ ያዘጋና ረጅም ገመድ ላይ ያንጠለጠለውን አምፖል ከቦታ ቦታ እያዞረ፣ ብርሃኑ የት እንደሚያስፈልግ ለማየት የቤቱን ሰው የየዕለት ሥራውን ያሠራል። አቶ ገብረጻድቅ ቀበሌ ምን ስብሰባ ነው እንዳይላቸው የግቢውን በር ክፍት ተዉት።

ሳሎን ውስጥ በአምፖሉ ሥር ጋዜጣ አነበቡና ረኩ። ደረሰ ገመዱን ወደ ኋላዋ ክፍል ጎተተ።

"እትዬ፣ እስቲ ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገቡ" አለ።

ወይዘሮ አስካለ ክሩን በከንፈራቸው አርጥበው ሰደዱት። ከመርፌው ጎን አለፈ። ደገሙት፤ አለፈ። ደረሰ አምፖሉን በደማቅ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ለውጦ ዝቅ አደረገው። ሦስተኛውም አለፈ። አቶ ገብረጻድቅ እንደ ልማዳቸው ሊተርቧቸው፣ ክሩ አኩርፏል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ሚስታቸው እንደ ዶሮ አንገታቸውን አዘንብለው መርፌውን በጎን ሲፈልጉ አዩ። አምፖሉ ፊታቸው ላይ ነው፤ የዓይናቸው ብሌን ላይ ስስ ደመና ይታያል። በየቀኑ አብረው ይበላሉ፤ ይሁንና በዚያች ክፍል ይህን ያህል ብርሃን ኖሮ አያውቅም።

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከጥምቀት። መብራቱ ሲጨመር ይሻለኛል ብዬ ነበር፣ ገብሬ።"

አቶ ገብረጻድቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሚስታቸው አንድ መብራት ሲለምኗቸው ስለ ሰልፍ ያወሩት ትዝ አላቸው። ከዚያ ኮርኒሱ እንዳይበሳ፣ ለሳሎኑም አንድ ተራ አምፖል እንደሚበቃው ለደረሰ ነገሩት። ስድስቱን ባለሱቁ መልሶ ከወሰደ ገንዘቡ ለሕክምናው ይሆናል፤ ካልወሰደ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ለሰኞ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ቲኬት ሊቆርጡ ነው፤ ሚስታቸውን የዓይን ሐኪም ሳያያቸው ስለ ሠርግ የሚያወራ ሰው መስማት አይፈልጉም።

ወይዘሮ አስካለ ስለ ሐኪሙ አልተከራከሩም። የተከራከሩት ስለ ቀሚሱ ነው። የሌላ ሰው እጅ እንዳይነካው ለልጃቸው ቃል ገብተዋል።

"ስመለስ እጨርሰዋለሁ" አሉ።

"ሐኪሙ ቢያቆይሽስ?"

ወይዘሮ አስካለ ቀሚሱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የተጠለፈውን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ጎረቤታቸው ወርቅነሽ ጥልፍ ታውቃለች፤ ብቻ ቀለም ታበዛለች። በመጨረሻ "ወረቀት አምጣና ለወርቅነሽ ጻፍ" አሉ።

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው አጠገባቸው ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለ የቀረውን መስቀል በሐሳባቸው እየጠለፉ ነገሯቸው፤ ከአረንጓዴው ቀጥሎ ወርቃማው፣ ወርቃማው ሁለት ዙር፣ ከሥሩ ቀይ እንዳይገባ። ቀይ እንዳይገባ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስጻፏቸው።