ማሙሽ ያነጠፈው ወለል

ጋሼ ውሃ ልክን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚህ ስም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ሲያነጥፉ ኖረዋል። ሰው ሊጠይቁ ቢሄዱ እንኳ ከመቀመጣቸው በፊት ወለሉን በዓይናቸው ይለኩታል። በገዛ ሰርጋቸው ቀን፣ ሙሽራ ሆነው ሳለ፣ ጠረጴዛው ዘመመ ብለው ካርቶን አጥፈው ከሥሩ የወሸቁ ሰው ናቸው ይባላል፤ ባለቤታቸውም አላስተባበሉም።

አንድ ቀን ጠዋት ከትልቋ ልጃቸው ጋር የጉዞ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጅቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ፈቃዷን ሰብስባ አባቷን ይዛ ልትሄድ ነው። የቢሮው ሠራተኛ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እነሱ አዙራ በፈገግታ ታስረዳለች።

«አባባ፣ ሦስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ላይ ገበያ አለ፣ ሙዚቃ አለ። መካከለኛው ለቤተሰብ ነው፤ ፏፏቴ አለው፣ ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት አሸዋ አለው፣ ደግሞ ሥሩ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፤ ዓሣውን ቁልቁል እያዩ ይሄዳሉ። ሦስተኛው እንኳ ብዙም የሚታይ የለውም። ውሎ መመለስ ነው።»

«እሱ ላይ ነው የምናድረው» አሉ ጋሼ ውሃ ልክ።

«ስንት ቀን?»

«ስድስቱንም።»

«እንዴ አባባ! ሰው ያን ያህል መንገድ ሄዶ? ምን ሊያዩ ነው?»

«ወለል።»

ሠራተኛዋ ሳቀች። ከዚያ የትልቋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«ወንድሜ እዚያ ሆቴል ሲሠራ ነበር» አለች ትልቋ ቀስ ብላ። «እዚያው ነው የተቀበረው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኤሊም ስለ ፏፏቴም የተነሣ ነገር የለም። ሠራተኛዋ ስዕሎቹን አንድ በአንድ ዘጋችና የትንሿን ደሴት ካርታ ከፈተች። ማደሪያው ሁለት ነው፦ ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴል፣ ወይ ወደቡ አጠገብ ያለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ።

«ሆቴሉ ይሁን አባዬ» አለች ትልቋ። «እሱ የሠራው ክፍል ውስጥ እንደር።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያ እግሬን ዘርግቼ የምተኛበት ፊት የለኝም። ወደቡ ጋ ያዥልን።»

ትልቋ ነገሩ ስለገባት አልተከራከረችም።

ማሙሽ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ ጢም አውጥቶም ስሙ ማሙሽ እንደሆነ ቀረ። ሙያውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እጁ ፈጣን ነው፤ አባትየው ደግሞ የሚሮጥ እጅ አይወዱም። አንድ ቀን የሰው ሳሎን አንጥፎ ሲጨርስ፣ እንደ ልማዳቸው ወለሉን በሳንቲም እያንኳኩ መረመሩ። ሥሩ በደንብ ያልሞላ ሴራሚክ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱ ባዶ ሆኑ። ሁለቱን ብቻ ማንሣት ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ባለቤቱም ሌሎቹ ሠራተኞችም ቆመው እያዩ ወለሉን በሙሉ አስነቀሉት።

«ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» አሉት። «ይሄ እጅ የኔ ልጅ እጅ አይደለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ አቧራውን ከሱሪው አራገፈና ወጣ፤ በወሩ ወደ ደሴቶቹ ሄደ። ለእናቱና ለእህቱ ይደውል ነበር። አባቱ ስልኩን ካነሡ ግን «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለው ያበቃል። እንዲህ እንዳሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አንድ ዓርብ ሠራተኞች የጫነች ጀልባ በማዕበል ተገለበጠች። ባሕሩ ማሙሽን በሦስተኛው ቀን መለሰው፤ ጓደኞቹም እዚያው ቀበሩት። ይህ ከሆነ አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል።

ጋሼ ውሃ ልክ ለባለቤታቸው የነገሯት ልጁ የተሻለ ሥራ አግኝቶ እንደሄደ ነው። ያቺን የሳሎን ቀን አልነገሯትም። ልጁ ከሞተ በኋላማ በየት በኩል ይነገራል? ለትልቋ ግን አንድ ቀን መኪና ውስጥ አመለጣቸው። እናትየዋን አብረሽን ነይ ቢሏት፣ «ልጄን የበላ ባሕር ፊት አልቆምም» ብላ ቀረች።

የጉዞው ቀን ደርሶ፣ ወደ ደሴቷ በምትወስዳቸው ጀልባ ላይ አባትየው መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ውሃውን ላለማየት የጫማቸውን ማሰሪያ እያዩ ተሻገሩ። ወደቡ ላይ የማሙሽ ጓደኛ ጠበቃቸው። የአገራቸው ልጅ ነው፤ ግንበኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። አቅፏቸው ብዙ ቆየ።

በመጀመሪያው ቀን መቃብሩ ጋ ሄዱ። ጓደኞቹ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ ሳይደርቅ ስሙን በምስማር ጽፈውበታል። ትልቋ አለቀሰች። አባትየው ቅጠሉን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ እንባ ግን አልመጣላቸውም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የሆቴሉ እንግዶች ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ግንበኛው ክፍል የምታጸዳዋን ሴትዮ ለምኖ አስገባቸው። ማሙሽ የሠራው ስድስት ክፍል ነው። የመጀመሪያው በር ላይ ጋሼ ውሃ ልክ ጫማቸውን አወለቁ፤ ትልቋ ተቀብላ ያዘችላቸው። ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ቃ አለ። ሳንቲም ከኪሳቸው አውጥተው ከበሩ ጀምረው ያንኳኩ ጀመር። ከአልጋው ሥር ሳይቀር በደረታቸው እየተሳቡ ገቡ። የሚሰማው ሁሉ የሞላ፣ የጠጠረ ድምፅ ነው። አንድም ባዶ የለም።

መታጠቢያ ቤቱ ሲደርሱ እጃቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ቆሙ።

«እዚህስ ተሳስቷል» አሉ። «ዘቅዘቅ ማለት ያለበት ወደ ማፍሰሻው ነው። ወደ ግድግዳው ነው ያዘቀዘቀው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ፈጥኖ የወጣበት መንገድ ራሳቸውን አሳፈራቸው። ስህተት ለማግኘት እንዴት እንደሚቸኩሉ!

«ቆይ አባቴ» አለ ግንበኛው። ባልዲ ሞልቶ ወለሉ ላይ ደፋው። ውሃው እየተንሸራተተ ሄዶ፣ ግድግዳው ሥር በተተወች ቀጭን ክፍተት ወጣና ውጪ ባለ ቦይ ወደ ዛፎቹ ወረደ። «እዚህ ሲዘንብ እንደ አገራችን አይደለም። የታችኛው ቱቦ ይሞላና ውሃው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ድሮ እንግዳው ሻንጣውን አልጋ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚያድረው። ወደ ውጪ ያዞረው እሱ ነው። አሠሪው እምቢ ሲለው፣ አንዱን ክፍል በዕረፍቱ ቀን ሠርቶ አሳየው።»

«ድገመው።»

ግንበኛው ደገመው። ሦስተኛውን ባልዲ ራሳቸው ደፉት። ወለሉ ላይ የቀረ ኩሬ የለም።

«ይሄን እኔ አላስተማርኩትም» አሉ። «ማን አስተማረው?»

«ማንም። ‹አባቴ ቢያይ ያስነቅለኝ ነበር› እያለ ይስቅ ነበር።»

ጋሼ ውሃ ልክ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አሉ። መቃብሩ ላይ እምቢ ያለው እንባ እዚያ መጣ። ትልቋ ልታነሣቸው ስትል፣ ቋንቋቸውን የማታውቀው ጽዳት ሠራተኛዋ ክንዷን ያዝ አድርጋ አስቀረቻት፤ በሩንም ቀስ ብላ ገርበብ አደረገችው።

አመሻሹ ላይ ከእንግዳ ማረፊያዋ ወደ ቤት ደወሉ።

«ምን አያችሁ?» አለች ባለቤታቸው።

«ወለሉን አየሁ። ከኔ ይበልጣል። ስሚኝማ። ማሙሽ ለሥራ ብሎ አይደለም የሄደው። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አዋርጄው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። የሄደ ቀን ነግሮኛል።»

«አራት ዓመት ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። በኋላ ደግሞ... ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። ሁለታችሁንም በአንዴ እንዳላጣ ብዬ ነው። ስንት ቀን ትራስህ ላይ አፍጥጬ አድሬያለሁ መሰለህ።»

ይቅር በይኝ ሊሉ አስበው ተዉት። እሷም አልጠየቀቻቸውም። ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ ቆዩ። በረንዳው ላይ ያለችው ትልቋ ጥሪው የተቋረጠ መስሏት በመስኮቱ አየት አደረገች፤ አባቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘውታል።

«በል እንግዲህ» አለች እናትየዋ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የተኛበት ቦታ ምን ይመስላል? ጥላ አለው? ምንም ሳትደብቅ ንገረኝ።»

እሳቸውም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ከወደቡ መንገድ ጀምረው አንድ በአንድ ይነግሯት ጀመር።